ኦሪጅናል የዳይኖሰር ሥዕል ለመግዛት ካሰቡ ከእርሳሱ ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የዳይኖሰር ሥዕል በጣም እወዳለሁ። አሁን 1,200 ዶላር አጠራቅሜ አንድ ኦሪጅናል ሥዕል ልገዛ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ በጉዋሽ ቀለም የተሠራ ሥዕል አይቻለሁ። ሻጩ በ1960ዎቹ ለልጆች መጽሐፍ የተሣለ ነው ይላል፤ ፊርማ ግን የለውም። ሥዕሉ ላይ ያለው ቲ-ሬክስ የሚባለው ግዙፍ አዳኝ ዳይኖሰር ቀጥ ብሎ ቆሞ ጭራውን መሬት ላይ ይጎትታል። ባለቤቴ ‹ስህተት ያለበት ሥዕል ምን ያደርግልሃል?› ትለኛለች። ልግዛው? እንዳልሸወድስ ምን ልይ?»

መልስ፦ ሥራዬ ወረቀትና ካርቶን ላይ የተሠሩ ሥዕሎችን መመርመርና የተጎዱትን መጠገን ነው። ለመጽሐፍና ለመጽሔት የተሣሉ የዳይኖሰር ሥዕሎች በየጊዜው እጄ ይገባሉ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሥራ እነሱን መመርመር ነው። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል። አጭሩ ይኸው፦ የሥዕሉን ጀርባና ጠርዝ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ለመጀመሪያ ግዢ ምርጫውን ለእኔ ቢተዉልኝ ግን ከቀለም ሥዕል ይልቅ የእርሳስ ንድፍ ይግዙ እልዎታለሁ።

የባለቤትዎ ጥያቄ ጥሩ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጭራው መሬት ላይ የሚጎተተው ሠዓሊው ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሳይንሱም መልስ ያው ነበር። በኒውዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚገኘው የቲ-ሬክስ አጽም ራሱ ቀጥ ብሎ፣ ጭራውን ወለል ላይ ጥሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆሟል። ሠዓሊዎችም እሱን እያዩ ሣሉ። በ1969 የዬል ዩኒቨርሲቲው ጆን ኦስትሮም ዳይኖኒከስ ስለሚባል ፈጣን አዳኝ ጥናቱን አወጣ። ተማሪው ሮበርት ባከር በሠራለት ሥዕል ላይ እንስሳው ጭራውን ወደ ኋላ ዘርግቶ እየሮጠ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመራማሪው ሁሉ ዓይን ተቀየረ። ድንጋይ ላይ የቀሩት የዳይኖሰር ዱካዎችም ቢሆኑ ጭራ የተጎተተበት መስመር እምብዛም የላቸውም። የኒውዮርኩ አጽም ተፈትቶ እንደገና ተገጣጠመና በ1995 ጀርባው አግድም፣ ጭራው ከመሬት ከፍ ብሎ ለሕዝብ ታየ።

ስለዚህ ያ ጭራ የሥዕሉን ዕድሜ ይናገራል። በእርስዎ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሻጩን ይደግፋል እንጂ አይቃወመውም። የ1960ዎቹ ነው የተባለ ቲ-ሬክስ ጭራውን ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ለማጨብጨብ እንደተዘጋጀ ሰው ወደ ውስጥ አዙሮ ቢገኝ ኖሮ ነበር መጠርጠር የሚገባዎት። የመዳፉ ነገር በጣም ይጠቅማል። የድሮ ሠዓሊዎች የአዳኝ ዳይኖሰሮችን መዳፍ ወደ መሬት ያዞሩት ነበር፤ የክንዱ አጥንት ያንን እንደማይፈቅድ በደንብ የታወቀው ዘግይቶ ነው። የጣት ቁጥርም እንዲሁ ነው። በድሮ ሥዕሎች ላይ ሦስት ጣት ያለው ቲ-ሬክስ ካዩ አይደንግጡ፤ ያን ጊዜ የእጁ አጥንት ሙሉውን አልተገኘም ነበር።

ይህን ግን እንደ ብረት ሕግ አይያዙት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ናይት በ1897 የሣላቸው ሁለት አዳኝ ዳይኖሰሮች እየዘለሉ ሲፋለሙ ይታያሉ። አንደኛው አየር ላይ ነው፤ ሌላኛው ከታች በጀርባው ተጋድሟል። ሥዕሉ ዛሬም እዚያው ኒውዮርክ ሙዚየም አለ። ላባ ያላቸው ዳይኖሰሮች ከቻይና ይፋ የሆኑት በ1996 ነው፤ ሠዓሊዋ ሣራ ላንድሪ ግን ባከር በ1975 ላወጣው ጽሑፍ ላባ የለበሰ ትንሽ ዳይኖሰር ሥላ ነበር። ቀድመው የሚያስቡ ሰዎች ሁልጊዜ አሉ። ስለዚህ የእንስሳው አቋም ፍንጭ ይሰጥዎታል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ሥዕሉን ከገዙ በኋላ «ጭራውን ላስተካክልልህ» የሚል ሰው ቢመጣ እጁን እንዳያስነኩት። እንዲህ «የታረመ» ሥዕል ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። አንድ ሰው በዘመኑ እውቀት አጥንት አይቶ ያሰበውን ሌላ ሰው ሲያጠፋው፣ የጠፋው ነገር ከእንግዲህ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለምን እርሳስ? የዳይኖሰር ሠዓሊ ፊቱ የሚያስቀምጠው ሞዴል የለውም። ያለው አጥንት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የተሰባበረና የጎደለ ነው። መጀመሪያ አጽሙን ይሥላል። ቀጥሎ አጥንቱ ላይ ጡንቻ ተያይዞባቸው የነበሩትን ምልክቶች እያየ ጡንቻ ያለብሰዋል። ቆዳው፣ ቅርፊቱ ወይም ላባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያልቅ ቀለሙ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ንድፉ ላይ ግን ሁሉም ይታያል። የተሰረዘው ትከሻ፣ ሦስት ጊዜ የተሞከረው የእግር አጣጣፍ፣ ከተመራማሪው የመጣ «ዳሌው ይጥበብ» የሚል የኅዳግ ማስታወሻ ሁሉ እዚያው ወረቀት ላይ ነው።

ከእኛው አገር ምሳሌ ልስጥዎ። በ1994 አፋር ውስጥ አራሚስ በሚባል ቦታ አጽሟ የተገኘው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ በ2009 ለዓለም ስትቀርብ መልኳን የሠራላት አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄይ ማተርነስ ነው። የማተርነስ አሠራር በትክክል ይኸው ነበር፤ ከአጽም ወደ ጡንቻ፣ ከጡንቻ ወደ ቆዳ። አርዲ ዳይኖሰር አይደለችም፤ ሥራው ግን አንድ ነው። የመጨረሻውን ሥዕል ያየ ሰው መልኳን ያያል። ንድፎቹን ያየ ሰው ደግሞ ያ መልክ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ማተርነስ ለእርስዎ ቅርብ ለሆነው ለዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ሙዚየምም የጥንት አጥቢ እንስሳትን ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎች ሠርቷል።

ናይትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ቀለም አልሄደም። ትንሽ የሸክላ ሞዴል ይሠራና ብርሃን ላይ አስቀምጦ ጥላው የት እንደሚያርፍ ያጠና ነበር። በልጅነቱ ድንጋይ ቀኝ ዓይኑን መትቶት ዕድሜውን ሙሉ የማየት ችግር ነበረበት፤ በዚያ ዓይን ነው ይህን ሁሉ የሠራው። የእሱ ጥናታዊ ንድፎች በሕይወት ያሉ እንስሳትን ጭምር ያካትታሉ። ለነብርና ለዝሆን የሠራቸው የእርሳስ ሥራዎች ከዳይኖሰሮቹ በብዙ ዋጋ ያንሳሉ፤ እጁ ግን ያው እጅ ነው። ስሙ ላይ ልብዎ ካረፈ መግቢያው በር ይህ ይመስለኛል።

ስለ ንድፍ ክብር ሌላም ልጨምር። በዬል ፒቦዲ ሙዚየም ሩዶልፍ ዛሊንገር ከ1943 እስከ 1947 የሣለው የግድግዳ ሥዕል ርዝመቱ 110 ጫማ፣ ከፍታው 16 ጫማ ነው። ግድግዳው እዚያው ነው፤ ማንም አይገዛውም። በ1953 ላይፍ መጽሔት ለአሜሪካ ቤተሰብ ሁሉ ያደረሰው ሥዕል ግን የግድግዳው ፎቶ አልነበረም። ሠዓሊው ለመዘጋጃ በእንቁላል አስኳል በተበጠበጠ ቀለም የሠራውን አነስተኛ ቅጂ ነው ያተመው። አንድ ትውልድ ዳይኖሰርን ያወቀው በመዘጋጃ ሥዕል ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ጉዋሽ እንመለስ። ለመጽሐፍ የተሣለ ኦሪጅናል ራሱን የሚያሳውቅበት ብዙ ምልክት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ከታተመው ገጽ ይበልጣል፤ ሠዓሊዎች ትልቅ አድርገው ይሠሩና ማተሚያ ቤቱ ያሳንሰዋል። ጠርዙ ላይ የመቁረጫ መስመሮች፣ በእርሳስ የተጻፈ የመቶኛ ቁጥር ወይም የገጽ ቁጥር ይገኛል። የማተሚያ ቤቱ ካሜራ እንዳያነሳው ተብሎ በቀላል ሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ ትእዛዝም ሊኖር ይችላል። ከላይ በማጣበቂያ የተያያዘ ስስ ወረቀት፣ ወይም እሱ ተቀድዶ የቀረ ቢጫ የማጣበቂያ ምልክት ካለ ደስ ይበልዎ። በእኔ ዓይን ይህ ሁሉ ጉድፍ ከፊርማ በላይ ነው። ፊርማ ማንም ይጽፋል፤ የማተሚያ ቤት የሥራ ምልክቶችን አሟልቶ ማስመሰል ግን በጣም አድካሚ ነው።

ቀጥሎ ሥዕሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይዩት። ሻጩ ሩቅ ከሆነ መብራቱን በአንድ ወገን ዝቅ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁት። ጉዋሽ ድብዝዝ ያለ፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ነው። ሠዓሊው ጨለማው ላይ ብርሃን ሲያክል ቀለሙ ትንሽ ከፍ ይላል፤ የብሩሹ መንገድም ይታያል። ስህተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ይለያል። ህትመት ላይ ግን ሁሉም ዝርግ ነው።

በ10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነፅር ይግዙ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። የድሮ ኦፍሴት ህትመት በመነፅሩ ሲታይ በሥርዓት የተደረደሩ የሰማያዊ፣ የቀይ፣ የቢጫና የጥቁር ነጠብጣቦች ሆኖ ይገኛል። የኢንክጄት ህትመት ደግሞ ብናኝ የመሰለ የተበተነ ነጠብጣብ ያሳያል። ከሁሉ የሚያታልለው ሸራ ላይ ታትሞ ከላዩ በእጅ ትንሽ ቀለም የተቀባው ነው። ጣት ቢያሳርፉበት ይሻክራል፤ ብሩሽም ያለፈበት ይመስላል። ስለዚህ ወፍራሙን ቦታ ትተው ሰማዩን፣ ጥላውን፣ ቀለም የሳሳበትን ጥግ ይዩ። ነጠብጣቡ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ወረቀቱም ይመሰክራል። ከ1950 ገደማ ጀምሮ ፋብሪካዎች ወረቀት ነጥቶ እንዲታይ የሚያበሩ ኬሚካሎችን መጨመር ጀመሩ። በአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ውስጥ ሲበራባቸው ሰማያዊ ሆነው ይፈካሉ። ናይት ያረፈው በ1953 ነው። «የ1920ዎቹ የናይት ንድፍ» የተባለ ወረቀት በዚያ ብርሃን ሰማያዊ ቦግ ካለ ሻጩን አመስግነው ይሂዱ። አለመፍካቱ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ አሮጌ ባዶ ወረቀት ፈልጎ የሚሥል አታላይ አለ። ለእርስዎ የ1960ዎቹ ካርቶን ይህ ምርመራ ብዙም አይነግርዎትም። በዚያ ዘመን ሁለቱም ዓይነት ወረቀት በገበያ ላይ ነበር።

የፊርማው አለመኖር ብዙ አያሳስበኝም። ለመጽሐፍ የሚሥሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይፈርሙም ነበር፤ አንዳንዶቹ ሥዕላቸው ማተሚያ ቤት ቀርቶ አልተመለሰላቸውም። የሚያሳስበኝ ሥዕሉ ሻጩ እጅ እንዴት እንደገባ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ተሸጦ ነው? ከሠዓሊው ቤተሰብ ነው? ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ? መጽሐፉ ከተገኘ ህትመቱንና ሥዕሉን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኦሪጅናሉ ላይ ከታተመው ወጣ ብሎ የሚቀጥል ነገር መኖር አለበት፤ የተቆረጠ ቅጠል፣ ያላለቀ ድንጋይ፣ የብሩሽ መሞከሪያ። ሁለቱ እኩል ጠርዝ ላይ ካለቁ ከመጽሐፉ ተወስዶ የተባዛ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ፊርማ የሌለውን ሥዕል «የቡሪያን ሳይሆን አይቀርም» ማለት ከጀመረ ይጠንቀቁ። ቼካዊው ዝደኔክ ቡሪያን (1905–1981) ከተመራማሪው ዮሴፍ አውጉስታ ጋር የሠራቸው ሥራዎች በብዙ አገር ታትመዋል። የእሱን አቀማመጥ የገለበጡ ሠዓሊዎችም ስፍር ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ አንድ ሥዕል «ቡሪያን ይመስላል» ማለት በጊዜው የተለመደውን መንገድ ተከትሏል ማለት ብቻ ነው። ትልልቅ ሥራዎቹ አብዛኞቹ በአገሩ ሙዚየሞችና ስብስቦች ውስጥ ናቸው። ከዚያ አገር የቆየ ሥዕል ማውጣትም የፈቃድ ወረቀት ይጠይቃል። በ1,200 ዶላር የሚቀርብልዎ ቡሪያን እውነተኛ ቡሪያን ነው ብዬ አላምንም።

ዛሬ በሕይወት ያሉ ብዙ ሠዓሊዎች የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ኦሪጅናሉ ፋይል ነው። «12/50» ተብሎ የተፈረመበት ወረቀት ውሱን ህትመት እንጂ ኦሪጅናል አይደለም። እንደ ህትመት በዋጋው ቢገዙት ምንም ክፋት የለውም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተፈብርኮ «በእጅ የተሣለ» ተብሎ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ገበያውን እየበከለ ያለ ማጭበርበር ነው። የሁለቱን እጆች ጣት ይቁጠሩ፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ መቅለጣቸውን ይዩ። ከሁሉ በላይ ግን ረቂቁን ይጠይቁ። በእጁ የሠራ ሰው ረቂቅ አለው፤ ለማሳየትም ደስ ይለዋል። ለእርሳሱ የማዳላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከየት ይገዛል? ከሁሉ የሚሻለው ከሠዓሊው ራሱ ነው። የቅሪተ አካል ሠዓሊዎች ዓለም ትንሽ ነው፤ በትሕትና ለተጻፈ ኢሜይል ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ለመጽሐፍ ወይም ለሙዚየም የሠሩባቸውን ንድፎች መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ ብዙ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው የለም እንጂ። ጥቂት መቶ ዶላር ይዘው ጥሩ የእርሳስ ሥራ ሊያገኙ ይችላሉ። የአከርካሪ እንስሳት ቅሪተ አካል ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤው ላይ የበጎ አድራጎት ጨረታ ያካሂዳል፤ እዚያ ሥዕሎችም ይቀርባሉ። ማኅበሩ ለዚህ ጥበብ የሚሰጠው ሽልማት በጆን ላንዘንዶርፍ ስም የተሰየመ ነው። ላንዘንዶርፍ ቺካጎ ውስጥ ፀጉር ሠሪ ነበር። በፀጉር ሥራው እየኖረ ከሠዓሊዎች ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ሥራቸውን ሰበሰበ። ስብስቡ ኋላ ላይ የኢንዲያናፖሊስ የልጆች ሙዚየም ገባ። ይህን የምነግርዎ ሥዕል መሰብሰብ የቢሊየነሮች ብቻ እንዳይመስልዎ ነው። ዓይንና ትዕግሥት ያለው ሰው ከጊዜ ጋር ብዙ ያገኛል።

ለሠዓሊ ከፍሎ አዲስ ሥዕል ማሣል ሌላው መንገድ ነው። ገንዘብዎ ለአንድ መካከለኛ ሥራ ሊበቃ ይችላል። ከተስማሙ በውሉ ላይ «የመዘጋጃ ንድፎቹም ለእኔ ይሰጡኛል» የሚል መስመር ያስገቡ። ምን ላሥል ካሉም ሐሳብ አለኝ። በኢትዮጵያ ሰሜን ምዕራባዊ ደጋ፣ በሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ጥርስ ብቻ ይዞ የእንስሳውን ሙሉ መልክ በእርግጠኝነት መሣል አይቻልም፤ ሐቀኛ ሠዓሊም ይህን ይነግርዎታል። ግን ጥርሱ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ አይቶ፣ የቅርብ ዘመዶቹን አጽም ተንተርሶ የሚሠራ ንድፍ እጅግ የሚያምር ነገር ይሆናል። የአገር ቤት ዳይኖሰር ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉ ሰዎች ብዙ አይመስሉኝም።

ስለ መብት በአጭሩ። ሥዕሉን ሲገዙ የገዙት ዕቃውን ነው። በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈልዎ ከሠዓሊው፣ ከወራሾቹ ወይም ከአሳታሚው ጋር ይቆያል። ቤትዎ ይሰቅሉታል፤ ይሸጡታል። ቲሸርት ላይ ማተም ከፈለጉ ግን ፈቃድ ይጠይቁ።

ቤት ሲገባ ጉዋሽም ሆነ እርሳስ ቀጥታ ፀሐይ አይወድም። ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ 50 ለክስ በሚባል ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚያሳዩት። ፍሬም ሲያሠሩ ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ይጠይቁ። መስታወቱ አልትራቫዮሌት የሚከለክል ይሁን፤ ሥዕሉንም አይንካው። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ባይሰቅሉት ይመረጣል። የዕጣን ጭስ ሙጫ አለው፤ በዓመታት ውስጥ ወረቀት ላይ የሚተወውን ቡናማ ፊልም ማንሳት ከባድ ነው። ከጉዋሽ ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ ውሃ የነካው ጉዋሽ ይሟሟልና። አቧራ ካዩ በእርጥብ ጨርቅ አይንኩት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ለሻጩ ይጻፉለት። አራት ፎቶ ይጠይቁት፤ ከፍሬሙ ወጥቶ የጀርባው ሙሉ ፎቶ፣ አራቱ ጠርዞች በቅርበት፣ ከጎን ብርሃን የተነሳ፣ ከጥላው ቦታ ደግሞ በጣም ተጠግቶ የተነሳ። የመጽሐፉን ስምና ዓመት፣ ዕቃውን ከማን እንደገዛም ይጠይቁት። በጽሑፍ ደረሰኝ ላይ «ኦሪጅናል ጉዋሽ እንጂ ህትመት አይደለም፤ ካልሆነ ገንዘብ ይመለሳል» ብሎ እንዲፈርም ይንገሩት። ይህን ሁሉ በፈቃዱ ካደረገና ጠርዙ ላይ የማተሚያ ቤቱ ምልክቶች ካሉ፣ ዋጋው ከገንዘብዎ ግማሽ ካልበለጠ ይግዙት። የቀረውን ግማሽ በሕይወት ላለ ሠዓሊ ንድፍ ያስቀምጡት። ፎቶውን ካልላከልዎ ይተዉት።